የ11 ሰዓት ተኩሉ ክፍል

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲነዝር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ግድም ነበር። የማታ ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) ክፍል ውስጥ ነኝ፤ መምህሩ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ እየሠሩ ነው፤ ከኋላዬ የባንክ ልጆች ይንሾካሾካሉ። አውጥቼ አየሁት፤ ካሽ ሬጅስተር (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን) የምሸጥላቸው የመርካቶ ሸራ ተራው ሀጂ ናቸው። ሀጂ ስልክ የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ከፈለጉህ ልጅ ይልካሉ፤ አለዚያ ለጎረቤት "ያ የማሽን ልጅ የት ጠፋ?" ይሉና ወሬው ይደርስሃል። በራሳቸው እጅ ከደወሉ ነገሩ ገንዘብ ነው።

ወጥቼ ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም። በዚያ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ ቀርቼ ነበር፤ መምህሩ ደግሞ በመሃል ተነስቶ የሚወጣ ሰው አይወዱም። ስልኩን ገልብጬ ሃንድአውቱ ሥር ከተትኩት። ከክፍል ወጥቼ 2 ሰዓት ላይ መልሼ ስደውል ሀጂ ሰግደው ቤት ገብተዋል። "ለዘመዶቼ ሱቅ 14 ማሽን ፈልገን ነበር፤ በል ነገ በጠዋት ና" አሉኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ነገሩ አልቋል። የእህታቸው ልጅ ማታውኑ የሌላ ድርጅት ሻጭ አስጠርቶ ቀብድ ከፍሎታል። ሀጂ አፍረው ሻይ አዘዙልኝ። ጠጣሁት፤ አልወርድ አለኝ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ሴልስ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ በሦስተኛ ዓመቴ ከነበሩኝ ደንበኞች የእሷ ይበልጣሉ። ባለፈው ሰሞን ቡና ልንጠጣ ወጥተን ስኳሯን እያማሰለች "ጋሼ፣ ኤምቢኤ ልመዘገብ ነው፤ ለእኛ ሥራ ይጠቅማል እንዴ?" አለችኝ። "ይጠቅማል" ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። "አይጠቅምም" ልላትም አልቻልኩም። ሀጂ ትዝ አሉኝ። የሰጠኋት መልስ እዚህም እዚያም የሚረግጥ ነበርና እስኪ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ገበያው ራሱ ዲግሪውን ስንት እንደሚገምተው እንይ። የሥራ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፦ "የሽያጭ ኃላፊ፤ ቢኤ/ኤምኤ ዲግሪ በማርኬቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ ሙያ፤ የሥራ ልምድ 8/6 ዓመት።" ያቺ ዘንበል ያለች ጭረት ብዙ ትናገራለች። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው 8 ዓመት ይዞ ይምጣ፤ ማስተርስ ያለው 6 ይበቃዋል። ቀጣሪው ማስተርሱን በሁለት ዓመት ልምድ ገምቶታል ማለት ነው። ማስተርሱስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሁለት። ሥራ አቁመህ በቀን ከተማርክ አቻ ለአቻ ወጣህ፤ ያውም ያለ ደመወዝ። በማታ ከተማርክ ግን ሁለቱን ዓመት ሁለት ጊዜ ታስቆጥራለህ፤ ልምዱም ይቆጠራል፣ ወረቀቱም ይመጣል። የማውቃቸው የአዲስ አበባ ሴልሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ማታ የተማሩት በዚህ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ያምራል። የዘነጋው ነገር ግን አለ፤ ለሻጭ ማታው ባዶ ጊዜ ነው ብሎ ማን ነገረው?

መርካቶን የሚያውቅ ይመስክርልኝ። ጠዋት ከነጋዴ ጋር ቁም ነገር አይወራም። ጭነት ይራገፋል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ገዢ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተሸካሚው "ዞር በል!" እያለ በትከሻህ ላይ ያልፋል። ከሰዓት በኋላም ያው ነው። ነጋዴ ጆሮ የሚያወጣው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ የሱቁ በር ግማሽ ሲወርድ፣ የቀኑ ብር በላስቲክ ሲታሰር፣ ሻይ ሲመጣ። ያኔ "ና እስኪ አረፍ በል" ትባላለህ። ያቺን በርጩማ ለማግኘት ስንት ወር ደጅ ጠንቼ ነበር። የእኔ ክፍል የሚጀምረው ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አራት ቀን። ለትምህርቱ በሁለት ዓመት የከፈልኩት ከ40 ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምጠራው ቁጥር ይኸው ነው። የምሽቶቹን ዋጋ ግን ጠርቼው አላውቅም፤ ደረሰኝ የለውማ።

የምሸጠው ካሽ ሬጅስተር ማሽን ነበር። ደንቡ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢው ነጋዴ በየተራ ማሽን እንዲያስገባ ታዘዘ። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ከኮሜርስ በወጣሁ በዓመቴ። አባቴ "መንግሥት ግዛ ብሎ ያዘዘውን ዕቃ መሸጥ ምን ይከብዳል?" ይለኝ ነበር። ይከብዳል እንጂ! ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሽያጩን የሚይዝ፣ የማይፋቅ የፊስካል ማህደር አለ። በሲም ካርድ ለታክስ ሰዎች መረጃ ይልካል። ማታ ማታ ዜድ ሪፖርት የሚሉት የቀኑ ሽያጭ ድምር ይወጣበታል። ቢበላሽ ነጋዴው ራሱ ሊከፍተው አይችልም፤ የተፈቀደለት ባለሙያ ነው የሚነካው። በየዓመቱም ይመረመራል። እንግዲህ ይህን ይዘህ፣ ቀኑን ሙሉ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" እየተባለ ዋጋ በሚቆረጥበት ሱቅ ፊት ቆመህ ፈገግ በል።

እዚያው ሰሞን ስለ ማሽኑ ታሪክ አንብቤ ሳቄ መጣ። ካሽ ሬጅስተርን የፈለሰፈው ጄምስ ሪቲ የሚባል የዴይተን፣ ኦሃዮ መጠጥ ቤት ባለቤት ነው። አሳላፊዎቹ ሒሳብ እየበሉ ቢያስቸግሩት ከወንድሙ ጋር ሆኖ መላ ዘየደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ሐሳቡ የመጣለት በመርከብ ሲጓዝ የመርከቡ ፕሮፔለር ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር መሣሪያ አይቶ ነው ይባላል። ዴይተን ላይ ባለቤቱ ሠራተኛውን ሊጠብቅበት ገዛው፤ መርካቶ ላይ መንግሥት ባለቤቱን ሊጠብቅበት አስገዛው። እኔ ለካ ዕቃውን ከጅራቱ ይዤ ነበር ስሸጥ የከረምኩት።

በማግስቱ ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ መልሰውኛል። ስለ ደንቡም ስለ ቅጣቱም ትንፍሽ አላልኩም። "ሀጂ፣ ዑምራ ሲሄዱ ሱቁን ማን ይይዝልዎታል?" አልኳቸው። "የእህቴ ልጅ" አሉ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ልጁ ከመደርደሪያው ጥግ ሸራ እየለካ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። "ዜድ ሪፖርቱ የየቀኑን ሽያጭ ይይዛል፤ ሲመለሱ አንድ በአንድ ያዩታል" አልኩ። ሀጂ ማሽኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ ቁልፎቹን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ "ይኼ ነገር ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል?" ብለው ጠየቁ። ስለ ወረቀት ጥቅል የጠየቀ ሰው ገዝቷል። ልጁ ያን ቀን ያየኝን አስተያየት ግን ልብ አላልኩትም፤ ከዓመታት በኋላ የ14ቱን ማሽን ቀብድ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው የገባኝ።

እስኪ ንገሩኝ፣ ይህን የትኛው ክፍል ያስተምራል? ያስተማሩ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አልነበረም። የሪቲን ማሽን ለዓለም ያዳረሰው ጆን ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1884 ኩባንያውን ገዝቶ ናሽናል ካሽ ሬጂስተር አሰኘው፤ በ1887 ሻጮቹ ቃል በቃል የሚያጠኑት የሽያጭ መምሪያ አስጻፈ፤ በ1893 እዚያው ዴይተን የሻጮች ማሠልጠኛ ከፈተ። በኋላ አይቢኤምን ያገነነው ቶማስ ዋትሰን ሽያጭ የተካነው እዚያ ቤት ነው። ሃርቫርድ ኤምቢኤ የሚባለውን ዲግሪ የጀመረው በ1908 ነው። ሽያጭ በትምህርት ቤት ሲሰጥ ኤምቢኤ ገና አልተፀነሰም፤ ትምህርት ቤቱም የፋብሪካ ነበር። (ሰዎቹ ግን መላእክት እንዳይመስሏችሁ። ፓተርሰንና ዋትሰን በ1913 ተፎካካሪዎችን በሕገ ወጥ መንገድ ከገበያ ገፍተዋል ተብለው ተፈርዶባቸው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው የሻረላቸው። የሴልስ ስም የጠፋው ዛሬ አይደለም።)

እኔ በተማርኩበት ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሽያጭ የሚል ኮርስ አላየሁም። ማርኬቲንግ ማኔጅመንት ነበር፤ እዚያ ውስጥ 4ቱ ፒዎች የሚባሉት ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ፕሮሞሽን (ማስተዋወቅ) አሉ፤ ከ4ቱ አንዱ ፕሮሞሽን ነው፤ ከፕሮሞሽን ቅርንጫፎች አንዷ የግል ሽያጭ ናት። እንጀራዬ የሆነው ሥራ የቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሆኖ አንድ ምሽት፣ ያውም ከእረፍት በኋላ ባለችው ሰዓት፣ በስላይድ አለፈ። ሰባት ደረጃ ነበረው፤ ደንበኛ ከመፈለግ ይጀምርና ሸጦ እስከ መከታተል። ለፈተና አጠናሁት። መርካቶ ውስጥ ግን አንዱንም ደረጃ በተራው አግኝቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም "ኤምቢኤ ለሴልስ ከንቱ ነው" ብዬ ጨርሼ ነበር። ችግሩ ያቺ ሀጂ የደወሉባት ምሽት ናት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይሠሩ የነበረው ሒሳብ ምን መሰላችሁ? ዕቃው በ100 ብር ይሸጣል፤ 80 ብር ወጥቶበታል፤ ትርፉ 20 ነው። ሻጩ 5 በመቶ ቀነሰ። ዋጋው 95፣ ትርፉ 15 ሆነ። "የድሮውን ትርፍ ለመመለስ ስንት ዕቃ መሸጥ አለበት?" አሉ። 20 ለ15 ሲካፈል 1.33። በ100 ዕቃ ፋንታ 133 ገደማ መሸጥ አለበት ማለት ነው።

ሌላው ሰው ቁጥሩን ጽፎ አለፈ። እኔን ላብ አሰመጠኝ። ከሦስት ቀን በፊት ለአንድ ደንበኛ "ለአንተ ስል" ብዬ 5 በመቶ ወርውሬለት ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር የተለያየነው። ኮሚሽኔ ከሽያጩ 2 በመቶ ነው። በ100 ብር ሲሸጥ 2 ብር፣ በ95 ሲሸጥ 1 ብር ከ90። እኔ 10 ሳንቲም ሳጣ ድርጅቱ 5 ብር ያጣል። ታዲያ ለምን አልቀንስም? ስቀንስ ነው የኖርኩት! ቀጥለው ዱቤን አመጡ። የባንክ ወለድ 15 በመቶ ቢሆን፣ የ60 ቀን ዱቤ የ100 ብሩን ዕቃ 2 ብር ከ50 ገደማ ይበላዋል። እኔ ግን ከስልሳ ቀን በኋላ የሚመነዘር ቼክ ስቀበል ነጻ ነገር የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር፤ ቼኩ ስንቅ ካለው ማለቴ ነው።

በማግስቱ፣ የ14ቱን ማሽን ሐዘን ሳልጨርስ፣ ግማሽ ገጽ ጽፌ ሥራ አስኪያጃችን ጋ ገባሁ። "ኮሚሽኔን ከሽያጭ ሳይሆን ከትርፍ አስቡልኝ" አልኳቸው፤ ከትርፉ 10 በመቶ። ትርፉ 20 ሲሆን ያው 2 ብር ነው። በ5 በመቶ ቅናሽ ግን ድርሻዬ ወደ 1 ብር ከ50 ይወርዳልና እጄ ይታሰራል። ጠረጠሩኝ። ሰው ለራሱ ወጥመድ ይዞ ሲመጣ ማን አይጠረጥርም? ሦስት ወር በእኔ ብቻ ሞከሩት። በሁለተኛው ወር ቅናሽ ሲጠየቅ አፌ መተሳሰር ጀመረ፤ በቅናሽ ፋንታ የወረቀት ጥቅል እጨምራለሁ፣ ሥልጠና እሰጣለሁ፣ ቀልድ እቀልዳለሁ። የሸጥኩት ማሽን አልቀነሰም። ገቢዬ ጨመረ፤ በዚያ ዘመን ከ5,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ግብር ስለሚመታ የጨመረው ሁሉ ኪሴ ገባ ባልልም። በዓመቱ መጨረሻ ሳሰላው ያ ግማሽ ገጽ የ14ቱን ማሽን ኮሚሽን ከነወለዱ መልሶልኛል።

ስለዚህ ያ ምሽት አበላኝ ወይስ አስራበኝ? እስከ ዛሬ ስከራከርበት እኖራለሁ። የማውቀው ነገር፣ 1.33 ለእኔ ላብ የሆነው ቅናሹን በገዛ አፌ ስሰጥ ስለኖርኩ ነው። ከጎኔ የሚቀመጥ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከመጀመሪያ ዲግሪው ቀጥታ የመጣ፣ አንድ ቀን ሥራ ያልሠራ። ያንን ጥያቄ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አገኘበት፤ እኔ የስሌት ስህተት ሠርቼ አንድ ነጥብ ተቀነሰብኝ። የት እንደደረሰ አላውቅም። ያኔ ግን "ይኼ ነገር የት ይጠቅማል?" ብሎ በሹክሹክታ ጠይቆኝ ነበር።

መመረቂያ ጽሑፉን ቶሎ ልለፈው፤ ማስታወሱም ያደክመኛል። የሁላችንም ርዕስ አንድ ዓይነት ነበር፤ "የእንትን ተፅዕኖ በደንበኞች እርካታ ላይ"። የሁላችንም ናሙና 384። ለምን 384? ሕዝቡ ብዙ ሲሆን፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ልክ ቀመሩ የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ ያቺን ቁጥር ያላየ የማስተርስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም 384 መጠይቅ አባዝቼ መርካቶ ገባሁ። ሀጂ አንዱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ "በጣም እስማማለሁ" የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙና "ይኸው፤ እለፍ" አሉኝ። "ማሽኑ በተደጋጋሚ ይበላሻል" ለሚለውም በጣም ተስማምተዋል። ያ ወረቀት ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ የሆነ ሠንጠረዥ ሆነ። ኤ ማይነስ አገኘሁ።

የሚያስቆጨኝ ግን ይህ አይደለም። ሰው "ኔትወርክ" የሚለው ነገር ነው። አብረውኝ የተማሩት ግማሾቹ ባንክ፣ ግማሾቹ ግዢ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ሁሉም ይገዙኛል ብዬ ነበር። አንዱም አልገዛኝም። አንድ የባንክ ልጅ ግን የኤልሲ (ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ወረፋ ከውስጥ እንዴት እንደሚሄድ አንድ ማክያቶ እስኪያልቅ አስረዳኝ፤ ያ ብቻውን ለብዙ ዓመት ደንበኛ "ዕቃው መቼ ይገባል?" ሲለኝ ሳልዋሽ እንድመልስ ረድቶኛል።

ማሽኑን ትቼ የዳቦ ቤት መሣሪያ ወደሚያስመጣ ድርጅት ገባሁ። ጥር 2012 ላይ ሳሪስ አካባቢ አንድ ዳቦ ቤት ሄድኩ፤ ባለቤቷ እትዬ የሚሏቸው፣ ክንዳቸው ድረስ ዱቄት የለበሱ ሴት ናቸው። ትልቁን የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ልሸጥላቸው ላፕቶፕ ከፍቼ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ዘርግቼ፣ በቀን ስንት ኩንታል፣ ከኩንታል ስንት ዳቦ፣ ደመወዙ፣ የመብራት ሒሳቡ እያልኩ "ገንዘብዎ በ22 ወር ይመለሳል" አልኳቸው። ኤምቢኤዬን አንጥፌላቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ልጄ፣ ይኼ ወረቀትህ መብራት መቼ እንደሚሄድ ያውቃል?"

መሳቢያቸውን ሳቡና ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። በእስክሪብቶ የተሰመሩ አምስት ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ዱቄት፣ የሄደበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የመጨረሻው "ለከብት" ይላል። መብራት ሲሄድ ትሪ ላይ ያለው ሊጥ ከልክ በላይ ቦክቶ ይዘረጋል፤ መጋገሪያው ውስጥ ያለው ግማሽ በስሎ ይቀራል። ሁለቱም ለከብት ቀላቢ በርካሽ ይሄዳሉ። የ2011ዱ ግንቦት ገጽ ጥቁር ብሏል፤ የግቤ 3 ውኃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ በፈረቃ መብራት ያደረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትም ዓምዱ ባዶ አይደለም። ደብተሩን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። "ከዚህ ቤት አይወጣም" አሉ። ቆሜ በስልኬ አንድ በአንድ አነሳሁት።

ማታ ቁጭ ብዬ የእሳቸውን ዓምዶች በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባሁ። 22 ወሩ 41 ወር ሆነ። አነስ ያለውን፣ በናፍጣ የሚነደውን ሮታሪ የሚባል መጋገሪያ ሞከርኩ፤ እሱ መብራት የሚፈልገው ለማራገቢያውና ለማቃጠያው ስለሆነ ትንሽ ጄነሬተር ይችለዋል። 26 ወር። ለእኔ ኮሚሽኑ ያንሳል። ለሊቱን ትንሽ ተገላበጥኩ፤ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ቢሮ ትቼ፣ በአንድ ሉክ ወረቀት፣ በራሳቸው አምስት ዓምዶች በእጄ ጽፌ ወሰድኩላቸው። ጣታቸውን "ለከብት" ላይ አድርገው ወደ ታች አንብበው ጨረሱ። ሮታሪውን ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዳቦ ቤት ልከውልኛል፤ አንደኛዋ ደንበኛ ስትደውል ያለችው "ደብተር የሚያነበው ልጅ አንተ ነህ?" ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቢሯችን ተተራመሰ። ሦስት ቀን የሚያገለግል ፕሮፎርማ እንጽፋለን፤ በሁለተኛው ቀን ራሳችን እንፈራዋለን። ሀጂ ጋ ደወልኩ፤ ዛሬም እደውላለሁ። "መጋዘን ዕቃ አለህ?" አሉ። አለ። "ዛሬ ሸጠህ በዚያ ብር ነገ ስንቱን ትተካለህ?" አሉ። ክፍል ውስጥ መተኪያ ዋጋ እየተባለ አንድ ወር የተማርነው ነገር ነው፤ ሀጂ የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስልኩን ዘግቼ ገባሁ። ነገር ግን አለቆቼን በሀጂ ቃል ማሳመን አይቻልም። ለባለአክሲዮኖቹ፣ ለባንኩ፣ ዱቤ ለሚሰጠን የውጭ አምራች የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ በመጋዘን ያለውን በመተኪያ ዋጋ፣ ቀብድ የተከፈለበትን በድሮው ዋጋ እንሽጥ፣ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው ብዬ። ተቀበሉት። በዚያው ዓመት የሽያጭ ኃላፊ አደረጉኝ።

መለስ ብዬ ሳየው ዲግሪው የጠቀመኝ ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። የኮሚሽኑ ግማሽ ገጽ፣ ያ የሐምሌው ሁለት ገጽ፤ ሁለቱንም የሸጥኩት ለራሴ መሥሪያ ቤት ነው። ለሸራ ተራ ኤምቢኤ ሸጦልኝ አያውቅም። እትዬ ዘንድም ብቻውን ሄዶ አፍሮ ነው የተመለሰው። ቢሮ ውስጥ ግን ሻጭን "አፉ ብቻ ነው" ብሎ የሚንቅ ፋይናንስ አለ፤ ያንን ሰው በራሱ ቋንቋ ስታናግረው ወንበር ይሰጥሃል። ወንበሩን የማትፈልግ ከሆነ፣ ሸጬ ኮሚሽኔን በልቼ ማታ በርጩማዬ ላይ ልቀመጥ የምትል ከሆነ፣ ምን ትሠራበታለህ? እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ያገኛሉ፤ ከእኔ የተሻለ ይተኛሉ።

ባለፈው ሐሙስ ልጅቷን መልሼ አገኘኋት። ድርጅቱ ግማሹን ሊከፍልላት እንደሚችል ሰምታለች። "ውሉን አንብቢው፤ ስንት ዓመት አገልግዪ ይላል?" አልኳት። አላነበበችውም ነበር። "ደንበኞችሽ የሚያወሩሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አልኳት። የእሷ ደንበኞች ክሊኒኮች ናቸው፤ ሐኪሞቹ የሚያናግሯት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታካሚ ሳይገባ ነው። ማታዋ ነጻ ነው። ይህን አላሰብኩም ነበር፤ እኔ ሁሉንም ሰው መርካቶ ላይ አስቀምጬ ነው ለካ ስከራከር የከረምኩት።

"እስኪ ከመመዝገቤ በፊት የሒሳቡን ነገር ልየው፤ ሃንድአውት አለህ?" አለችኝ። ቤት ገብቼ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ፈለግሁ። የዚያን ሴሚስተር ጥራዝ አገኘሁት፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። የቅናሹ ሒሳብ ያለበትን ገጽ ስገልጥ ኅዳጉ ላይ በራሴ እጅ፣ በጥድፊያ የተጻፈ አለ፦ "ሀጂ። 14 ማሽን። ነገ ጠዋት።" ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። እንዳለ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። ኅዳጉ ላይ ያለውን አንብባ "14ቱን ሸጥካቸው?" ብላ ጻፈችልኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።